የሚትሮፓ ዋንጫ መዋዕልና ኅልፈቱ

የቡዳፔስቱ ፌሬንትስቫሮሽና የቡካሬስቱ ራፒድ በ1940 ዓ.ም. በጋ ለመካከለኛው አውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ከበቁ በኋላ እርስ በርሳቸው ሳይገናኙ ቀሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።) ራፒድ እዚያ የደረሰው ከዛግሬቡ ግራጃንስኪ ጋራ ሦስት ጊዜ ተጋጥሞ ሦስቱንም ጊዜ እኩል ለእኩል ከተለያዩ በኋላ ዕጣ ወጥቶለት ነው፤ ፌሬንትስቫሮሽ ደግሞ ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ ፍጻሜ መድረሱ ነበር። የጨዋታው ቀን ግን በጦርነቱ ተውጦ ቀረ። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ፣ ኦገስት 30 ቀን፣ ጀርመንና ኢጣሊያ ዳኞች ሆነው በቪየና በቤልቬዴሬ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ሰሜናዊውን የትራንሲልቫኒያ ምድር ከሩማንያ ቆርጠው ለሀንጋሪ ሰጡ። ሁለቱ ክለቦች በሜዳ ሊፈታተኑበት የነበረውን የበላይነት መንግሥቶቻቸው በካርታ ላይ ተከራከሩበት፤ ፍርዱም የተሰጠው የዋንጫው ሐሳብ በተጸነሰባት በዚያችው ከተማ መሆኑን ባስታወስሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

ይህ ዋንጫ በሕዝብ አንደበት ሚትሮፓ ይባል ነበር። ስሙ በጀርመንኛ መካከለኛው አውሮፓ ማለት የሆነው ቃል አጥሮ የወጣ ነው፤ በ1916 ዓ.ም. የተቋቋመ አንድ የመኝታና የመመገቢያ ፉርጎ ኩባንያም በዚሁ ስም ይጠራ ነበርና የዚያ ዘመን ሰው ሚትሮፓ ሲባል ሲሰማ ከኳሱ ጋራ ባቡሩን፣ ከባቡሩም ጋራ የሌሊቱን መንገድ አብሮ ሳያስብ አይቀርም። ውድድሩ በ1927 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በመካከሉ እየተቋረጠም ቢሆን፣ እስከ 1992 ዓ.ም. ቆየ። ዛሬ ስለ እርሱ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ፣ እንደ መጥምቁ ዮሐንስ፣ ከእርሱ በኋላ ለመጣው ለታላቁ የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ መንገድ የጠረገ እንደ ነበረ ብቻ ተናግረው ያልፉታል። ይህ አነጋገር ሐሰት ባይሆንም የነገሩን ባሕርይ ያጎድላል ብዬ አምናለሁ። ሚትሮፓ በዓይነቱ የተለየ፣ የጎረቤታሞች ውድድር ነበር፤ ኃይሉም ሆነ ሕመሙ፣ በመጨረሻም ሞቱ የመጣበት ከዚሁ ከጉርብትናው ነው፤ እኔም ታሪኩን የማወሳው ይህንኑ ለማሳየት ነው።

ጉርብትናው የቆየ ነበር። ቪየና፣ ቡዳፔስትና ፕራግ በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበሩበት ዘመን፣ በ1897 ዓ.ም.፣ ጆን ግራምሊክ የተባለ በቪየና የሚኖር የእግር ኳስ ሰው የአውስትሮ ሀንጋሪ ክለቦች ሁሉ የሚገቡበት አንድ የቻሌንጅ ዋንጫ አቋቁሞ ነበር፤ ያም ዋንጫ እስከ 1911 ዓ.ም. ሲሰጥ ኖረ። በ1918 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥታዊው መንግሥት ሲፈርስ በአንድ ገንዘብ ይገበያዩ የነበሩ ከተሞች የየብቻቸው ሰንደቅ ዓላማ፣ የየብቻቸው ኬላና የየብቻቸው ይለፍ ወረቀት ያላቸው ሆኑ። ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥት በአንድ ሌሊት ይለወጣል፤ የሰው ልማድ ግን እንዲህ ፈጥኖ አይለወጥም። የቪየና ተመልካች የቡዳፔስትን ተጫዋች በስሙ ያውቀዋል፤ የፕራግ ተጫዋችም የአክስቱ ልጅ በቪየና ሸክላ ፋብሪካ ይሠራል። ዋንጫው እነዚህን ሰዎች አዲስ አላስተዋወቃቸውም። ትውውቁ ቀድሞ ነበረና፣ ወሰኑ ከተሰመረ በኋላም እንዳይጠፋ መሰብሰቢያ ሆነው እንጂ።

ይህን ያሰበው ሰው ሁጎ ማይዝል ነበር። ማይዝል በ1881 ዓ.ም. በቦሄሚያ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በልጅነቱ ወደ ቪየና የመጣ፣ በባንክ ቤት ጸሐፊነት የሠራ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ፣ በኋላም የአውስትሪያ እግር ኳስ ማኅበር ጸሐፊና የብሔራዊው ቡድን መሪ የሆነ ሰው ነው። በቪየና ቡና ቤቶች ውስጥ፣ ይልቁንም የእግር ኳስ ሰዎች በሚሰበሰቡበት በሪንግ ካፌ፣ ስለ ጨዋታ ሥልት ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሊቃውንት ጉባኤ ሲከራከሩ ያድሩ እንደ ነበር ይነገራል። ነገር ግን ማይዝል የባንክ ቤት ሰው ነበርና ከሥልቱ ይልቅ ሒሳቡ ያስጨንቀው ነበር። አውስትሪያ በ1924፣ ቼኮዝሎቫኪያ በ1925፣ ሀንጋሪ በ1926 ዓ.ም. ተጫዋቾች በደመወዝ እንዲጫወቱ በሕግ ፈቅደው ነበር፤ ደመወዝ ደግሞ በየወሩ የሚከፈል እንጂ ለድል ቀን ብቻ የሚወጣ ወጪ አይደለም። የየሀገሩ ሊግ ጨዋታ ብቻውን ይህን ሁሉ ሰው አያበላም፤ የሊጉ ወራት ሲያልቅም ገቢው ይደርቃል። ስለዚህ ማይዝል በበጋው ወራት፣ ሜዳው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ፣ የታወቁ ባላጋራዎችን እያገናኙ ትኬት የሚሸጡበት ሥርዓት አስፈለገው። ታላላቅ ሐሳቦች ብዙ ጊዜ ከችግር እንደሚወለዱ ሁሉ፣ ይህም ሐሳብ የተወለደው ከክለቦች ባዶ ካዝና መሆኑን መናገር ክብሩን አይቀንሰውም።

በ1927 ዓ.ም. ጁላይ ወር የየማኅበራቱ መልእክተኞች በኢጣሊያ ከተማ በቬኒስ ተሰብስበው ውሉን ፈረሙ። ከአውስትሪያ፣ ከሀንጋሪ፣ ከቼኮዝሎቫኪያና ከዩጎዝላቪያ ሁለት ሁለት ክለቦች ተመርጠው ስምንት ሆኑ፤ ከዩጎዝላቪያ የመጡት የስፕሊቱ ሃይዱክና የቤልግሬዱ ቤ.ኤስ.ካ. ነበሩ። ጨዋታው በደርሶ መልስ እንዲሆን ተወሰነ፤ ማለት አንዱ ክለብ በሜዳው ከተቀበለ በኋላ በተራው ወደ ባላጋራው ከተማ ሄዶ ይጫወታል፣ አሸናፊውም በሁለቱ ጨዋታዎች ድምር ይለያል። ዛሬ ይህ ሥርዓት ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። በዚያ ጊዜ ግን ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ ያስተናገደ ሁሉ እንግዳ ይሆናል፣ በእንግዳው ላይ ያፏጨ ተመልካችም የገዛ ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው እንግዳ ሀገር እንደሚቆሙ ያውቃል።

የመጀመሪያው ፍጻሜ በፕራጉ ስፓርታና በቪየናው ራፒድ መካከል ሆነ። ስፓርታ በፕራግ 6 ለ 2 አሸንፎ ስለ ነበር በቪየና 2 ለ 1 ቢሸነፍም ዋንጫውን ወሰደ፤ የቪየና ተመልካች ግን ተቆጥቶ ወደ ሜዳ ዕቃ ይወረውር ጀመር፣ የአሸናፊዎቹም ደስታ በሁካታ መካከል ሆነ። እንግዲህ ውድድሩ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱንም ባሕርዩን አሳይቶ ነበር። ብዙ ግብ ይገባበታል፣ ብዙ ቁጣም ይነሣበታል። በሚቀጥለው ዓመት ፌሬንትስቫሮሽ ይህንኑ ራፒድን በቡዳፔስት 7 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ በቪየና 5 ለ 3 ተሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ፣ በሁለት ጨዋታ አሥራ ስድስት ግብ ተቆጠረ። በ1929 ዓ.ም. በዩጎዝላቪያ ቦታ ኢጣሊያ ገባች፤ የዚያን ዓመት ዋንጫ የቡዳፔስቱ ኡይፔሽት፣ የሚከተለውን ዓመት ደግሞ ሁለት ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ የተመለሰው ራፒድ ወሰዱት።

በ1931 ዓ.ም. ፍጻሜ የደረሱት ሁለቱም ክለቦች፣ ፈርስት ቪየናና ቪየነር አ.ሴ.፣ ከአንዲት ከተማ የወጡ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ክሬዲታንሽታልት የተባለው የአውስትሪያ ታላቅ ባንክ ወድቆ የመላውን አውሮፓ ገንዘብ አናውጦ ነበር፤ በዚያው ወርም የማይዝል ብሔራዊ ቡድን ስኮትላንድን በቪየና 5 ለ 0 አሸንፎ ተአምረኛው ቡድን ለመባል በቃ። ሥራ ያጣ ሕዝብ፣ የከሰረ ባንክና ከምንጊዜም በላይ ያማረ ኳስ በአንድ ከተማ በአንድ ወር ተገናኙ። ይህ አጋጣሚ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የቪየናው የፋቮሪተን ሠፈር ልጆች ከጨርቅ የተሠራ ኳስ ይዘው በሸክላ ፋብሪካዎቹ አጠገብ ሲውሉ ሌላ የሚያውሉበት ሥራ አልነበራቸውም።

ከዚያ ወገን የወጣው ማቲያስ ዚንደላር ነው። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. በኢጣሊያ ግንባር ሞተ። ልጁ ሰውነቱ ቀጭን፣ አካሄዱ ከሰው መካከል ነፋስ እንደሚያልፍ ያለ ስለ ነበር የወረቀቱ ሰው የሚል ቅጽል ወጣለት። በ1933 ዓ.ም. ሴፕቴምበር ወር ክለቡ አውስትሪያ ቪየና ከሚላኑ አምብሮዚያና ጋራ ፍጻሜ ደረሰ። በሚላን አምብሮዚያና 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ጁሴፔ ሜአዛ በዚያ ቡድን ነበር፣ በአሠልጣኝነትም አርፓድ ቫይስ የተባለ ሀንጋሪያዊ አይሁዳዊ ይመራው ነበር። በቪየና የመልሱ ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አውስትሪያ ቪየና 2 ለ 0 እየመራ ሳለ ሜአዛ አንድ አስቆጥሮ ድምሩን እኩል አደረገው፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ ሁሉ ወደ ሦስተኛ ጨዋታ ለመሄድ ልቡን ባዘጋጀበት ሰዓት ዚንደላር ሦስተኛውን አገባ። ሦስቱንም ግቦች ያስቆጠረ እርሱ ነበር። አባቱ የተገደለበት ጦርነት ካለቀ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ያን ቀን ኢጣሊያውያን ተከላካዮች ከእርሱ ጋራ የተጋፉት ስለ አንዲት ኳስ ብቻ ነው። የሚትሮፓን ዋጋ በአንድ ሥዕል አሳየን የሚለኝ ሰው ቢኖር የማሳየው ይህን ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ወገን ብቻ አሳይቶ ማለፍ ከእውነት መራቅ ይሆናል። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ፣ በ1932 ዓ.ም.፣ የቱሪኑ ጁቬንቱስና የፕራጉ ስላቪያ በግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። በፕራግ ስላቪያ 4 ለ 0 አሸነፈ፤ ያ ጨዋታ ራሱ በጠብ ያለቀ ነበር። በቱሪን ጁቬንቱስ 2 ለ 0 እየመራ፣ ስላቪያም ጊዜ ለመግዛት እየጣረ ሳለ ከተመልካቹ መካከል የተወረወረ ድንጋይ የስላቪያውን በረኛ ፍራንቲሼክ ፕላኒችካን መታው። ፕላኒችካ ወደቀ፤ ጓደኞቹም ደግፈውት ከሜዳ ወጡ፣ ወደ ሜዳም አልተመለሱም። የውድድሩ ሸንጎ ጉዳዩን መርምሮ ሁለቱንም ክለቦች አስወጣ፤ በሌላው ወገን ፈርስት ቪየናን ጥሎ ያለፈው ቦሎኛ ፍጻሜ ሳይጫወት ዋንጫውን ተቀበለ። ይህ ፍርድ ብዙ ተነቅፏል፤ የተመታውን ከመታው ጋራ እኩል መቅጣት ምን ዓይነት ሚዛን ነው ተብሎ። እኔም ነቃፊዎቹን እከተላለሁ። ሸንጎው ሁለቱን ማኅበራት ላለማስቀየም ብሎ ፍትሕን ለሰላም ሠዋ፤ እንዲህ ያለው ሰላም ግን አይበረክትም፤ አምስት ዓመት ሳይሞላም የከፋ ነገር መጣ።

እዚህ ላይ ስለ ፕላኒችካ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሰው በቱሪን በድንጋይ ከተመታ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ በዚያችው በኢጣሊያ ምድር፣ በሮማ ስታዲየም፣ የቼኮዝሎቫኪያ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኖ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቆመ፤ ኢጣሊያ 2 ለ 1 አሸነፈች። በ1938 ዓ.ም. በፓሪስ ደግሞ የኢጣሊያ የፍጻሜ ባላጋራ የፌሬንትስቫሮሹ ዤርዥ ሻሮሺ የሚመራት ሀንጋሪ ነበረች፤ ኢጣሊያ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ጠበቀች። እንግዲህ በእነዚያ ሁለት የዓለም ዋንጫዎች ለፍጻሜ የቆሙት ሁሉ በየበጋው በሚትሮፓ የሚተዋወቁ ሀገሮች ልጆች ነበሩ። ይህ በምንም ሌላ ምክንያት አይገለጽም ለማለት ባልደፍርም፣ በየዓመቱ ከእኩያ ጋራ የሚጋጠሙ ተጫዋቾች ዕውቀታቸው እንደሚበስል ግን ማንም አይክደውም። በ1934 ዓ.ም. ውድድሩ ከየሀገሩ አራት አራት ክለብ ተቀብሎ አሥራ ስድስት ሆኖ ነበር፤ የዚያን ዓመት ዋንጫ ቦሎኛ፣ አድሚራ ቪየናን በመልሱ ጨዋታ 5 ለ 1 አሸንፎ፣ ይህን ጊዜ በሜዳ በተገኘ ድል ወሰደው። የ1935ቱን ስፓርታ ደገመው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በጋ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ እንደ ሌላው ዓመት አንብቦ ሊያልፈው አይችልም። በ1935 ዓ.ም. ኦክቶበር ወር የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ ሀገራችንን ሲወር የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ የኢኮኖሚ ቅጣት ወሰነ፤ የሚትሮፓ ባለቤት ከሆኑት ሀገሮች ቼኮዝሎቫኪያ ከቅጣቱ ወገን ስትቆም አውስትሪያና ሀንጋሪ ተቃወሙ። በ1936 ዓ.ም. ሜይ 5 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ጁን 30 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ከማኅበሩ መድረክ ቆመው አቤቱታቸውን ሊያሰሙ ሲነሡ በአዳራሹ የነበሩት የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ተቀበሏቸው። በዚያው በጋ፣ በዚያችው በስዊስ ሀገር፣ የስዊስ ክለቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሚትሮፓ ገቡ፤ የኢጣሊያ ክለቦችም እንደ ወትሮው በባቡር እየተሳፈሩ ከከተማ ወደ ከተማ ይሄዱ ነበር። ዘይትና ብረት ስለ መከልከል በሸንጎ ሲከራከሩ ኳስ ስለ መከልከል የተናገረ አልነበረም። አምብሮዚያና በግማሽ ፍጻሜ በስፓርታ ተሸንፎ ወጣ፤ ስፓርታም በፍጻሜው በአውስትሪያ ቪየና በአንድ ግብ ልዩነት ተሸነፈ። ተጫዋቾቹን ስለ መንግሥታቸው ኃጢአት ልኮንናቸው አልፈልግም። ውድድሩ ግን ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እጁን እስካላነሣ ድረስ ሩቅ ስለሚፈሰው ደም የማይጠይቅ መሆኑ በዚያ በጋ ታየ። ጥቂት ቆይቶ ተራው የእርሱ ሆነ።

በ1937 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 17 ቀን ሁጎ ማይዝል በልብ ሕመም ዐረፈ። በዚያው በጋ የኢጣሊያው ጄኖዋ በቪየና ከአድሚራ ጋራ 2 ለ 2 የተለያየበት ጨዋታ ወደ ድብድብ ተለወጠ፤ በሜዳ የተጀመረው በፖለቲካ ቂም ተቀጣጠለ፣ የኢጣሊያም ባለ ሥልጣኖች የመልሱ ጨዋታ በሀገራቸው እንዳይደረግ ከለከሉ። ሸንጎው በ1932 ያደረገውን ደግሞ ሁለቱንም ክለቦች አስወጣ። የጄኖዋው ነገር ከቱሪኑ የሚለየው በዚህ ነው፦ በቱሪን ድንጋዩን የወረወረ አንድ ተመልካች ነበር፤ በጄኖዋ ግን በሩን የዘጋው መንግሥት ነበር። ደርሶ መልስ በተባለው ሥርዓት ውስጥ መልሱ ሲቀር የሚቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ መሠረቱ ሁሉ ይናዳል። ስለዚህ በዚያው ዓመት ሻሮሺ የሚመራው ፌሬንትስቫሮሽ የሮማውን ላዚዮ 4 ለ 2 እና 5 ለ 4 ያሸነፈበት፣ አሥራ አምስት ግብ የተቆጠረበት ያ ውብ ፍጻሜ ለእኔ እንደ መሰነባበቻ ማዕድ ሆኖ ይታየኛል።

በ1938 ዓ.ም. ማርች ወር የጀርመን ጦር ወደ አውስትሪያ ገባ፤ አውስትሪያ የምትባል ሀገር ከካርታ ላይ ተፋቀች፣ ውድድሩን የወለደችው ቪየናም ክለቦቿ ከውድድሩ ተሰረዙ። የአውስትሪያ ቪየና ፕሬዚዳንት አይሁዳዊ ስለ ነበሩ ከሥራቸው ተባረሩ። አፕሪል 3 ቀን ጀርመኖች የአንድነት በዓል ብለው ባዘጋጁት ጨዋታ የአውስትሪያ ቡድን ጀርመንን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ዚንደላር አንዱን ግብ አስቆጠረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 23 ቀን በቪየና በአንድ ቤት ውስጥ በከሰል ጭስ ታፍኖ ሞቶ ተገኘ፣ ዕድሜው ገና 35 ነበር። በቪየና የተወለደው ዮሴፍ ቢትሳን አስቀድሞ ወደ ወላጆቹ ሀገር ሄዶ ነበርና የ1938ቱን ዋንጫ ለስላቪያ ያመጣው እርሱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቫይስ ከአምብሮዚያና በኋላ ቦሎኛን ሁለት ጊዜ የኢጣሊያ ሻምፒዮን አድርጎ ነበር፤ በ1938 ዓ.ም. የወጣው የዘር ሕግ ከኢጣሊያ አባረረው፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በአውሽቪትስ ተገደሉ፣ እርሱም በ1944 ዓ.ም. ጃንዋሪ 31 ቀን እዚያው ሞተ። በሚላን ዳር ሜዳው ላይ ቆሞ ሜአዛ ሲያገባ ያየ ሰው ነው።

በ1939 ዓ.ም. ፕራግ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ እንኳ ስፓርታና ስላቪያ በውድድሩ ተሰለፉ፤ ዋንጫውን ኡይፔሽት ወሰደ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የ1940ን በጋ ከላይ ተናግሬዋለሁ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1951 ዓ.ም. በቪየና የዘንትሮፓ ዋንጫ በሚል ስም አንድ አጭር ውድድር ተደረገ፤ ራፒድ አሸነፈ። ዋንጫው በስሙ የተነሣው ግን በ1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያነሣውም የቡዳፔስቱ ቨረሽ ሎቦጎ፣ ማለት የቀድሞው ኤም.ቴ.ካ.፣ ነበር፤ የፕራግን ጦር ሠራዊት ቡድን በመጀመሪያው ጨዋታ 6 ለ 0 አሸንፎ። ትንሣኤው እንዳማረ ማንም ይመሰክራል፤ ነገር ግን ዓመቱን ልብ ይሏል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር፣ በፓሪሱ ሌኪፕ ጋዜጣ አሳሳቢነት፣ የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ተጀመረ፤ ይኸው ቨረሽ ሎቦጎም በሁለቱም ገባ። አንድ ክለብ በአንድ ዓመት ሁለት ጌቶችን እንዲያገለግል ተጠየቀ፤ የሁለተኛው ጌታ ፍጻሜ ግን በፓሪስ ነበር፣ የሚያገናኘውም እንደ ማድሪድ ካሉ ሩቅ ከተሞች ጋራ ነበር።

ሚትሮፓ ለምን እንደ ተሸነፈ ለመረዳት ይህን ቦታ ማስተዋል ይገባል። በ1927 ዓ.ም. ከቪየና ወደ ማድሪድ የሚሄድ ቡድን ብዙ ቀን በባቡር ያሳልፍ ነበር፤ ስለዚህ ባላጋራ ማለት ሌሊት ተጉዞ ጧት የሚደረስበት ሰው ነበር። በ1950ዎቹ አውሮፕላን ርቀቱን አጠፋው፣ የሌሊት መብራት በሥራ ቀን ማታ ለመጫወት አስቻለ፣ ቴሌቪዥንም ገና እየተወለደ ነበር። ያን ጊዜ ጎረቤትነት ከጥቅም ወደ ጉድለት ተለወጠ፦ ተመልካች ከሩቅ የመጣውን ለማየት ይመርጣል፣ የሚያውቀውንማ በየዓመቱ አይቶታል። በዚህ ላይ የፖለቲካ መጋረጃው ተጨመረ። በቡዳፔስትና በፕራግ ተጫዋች በሕግ አማተር ተብሎ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዙን ሲቀበል፣ ማይዝል ውድድሩን ያቋቋመበት የክለብ ሒሳብ ትርጉሙን አጣ። በ1960 ዓ.ም. አሸናፊነቱ ለክለብ ሳይሆን ለሀገር በነጥብ እንዲቆጠር አድርገው ሀንጋሪን አሸናፊ አሉ፤ ይህ ውድድሩ ማንነቱን መርሳት እንደ ጀመረ የሚያሳይ ምልክት ነው። በዚያው ዓመት የሚትሮፓ ኮሚቴ ራሱ ለየሀገሩ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አሸናፊዎች የሚሆን አዲስ የአውሮፓ ውድድር አዘጋጀ፤ ፊዮሬንቲና ራንጀርስን አሸንፎ የመጀመሪያውን ወሰደ። እንግዲህ ሻምፒዮኖቹ ወደ አንዱ፣ የዋንጫ አሸናፊዎቹ ወደ ሌላው ሲሄዱ፣ ለሁለተኛው በር የከፈተው የሚትሮፓ ቤት ሰው ነበር። ወላጅ ልጁን ለመዳር ቤቱን ባዶ እንደሚያደርግ ሆነ።

ባዶ በሆነው ቤት የገቡት ግን የተናቁ አልነበሩም። በ1971 እና በ1972 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደው ቼሊክ፣ ስሙ ብረት ማለት የሆነ፣ ከቦስኒያዋ የብረት ማቅለጫ ከተማ ከዜኒትሳ የመጣ ነበር፤ ቀጥለው ሁለት ዓመት የወሰዱት የሀንጋሪዋ የከሰል ማዕድን ከተማ የታታባኛ ልጆች ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ ዋንጫውን ያዘወተረው፣ ስድስት ጊዜ የወሰደው፣ የቡዳፔስቱ የብረት ሠራተኞች ክለብ ቫሻሽ ነው። የድሮዎቹ የቡና ቤት ሊቃውንት ያላሰቡት ሕዝብ ወረሰው ማለት ነው። ለዜኒትሳ ማቅለጫ ሠራተኛ ፊዮሬንቲና ከተማው ድረስ መጥቶ መጫወቱ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ከማድሪድ ማንም አይመጣበትም ነበርና።

በ1980 ዓ.ም. ውድድሩ የየሀገሩ የሁለተኛ ዲቪዚዮን አሸናፊዎች እንዲገቡበት ተወሰነ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ውርደት ይቆጥሩታል፤ እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ነበር የማስበው። ስፓርታ፣ ፌሬንትስቫሮሽና ቦሎኛ የተከበሩበት ስም ከታች ዲቪዚዮን ለወጣ ሽልማት መስጫ ከሚሆን በክብር ቢቀበር ይሻል ነበር የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ በ1982 ዓ.ም. ሚላን ዋንጫውን የወሰደው ራሱ ወደ ታች ወርዶ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ግን ፍርዴ ለሁለት ይከፈላል። ኡዲኔዜ፣ ታትራን ፕሬሾቭ፣ አይዘንሽታት፣ ፒዛና ባሪ በዚያ መንገድ ከሌላ ሀገር ክለቦች ጋራ ተጋጥመው ዋንጫ አነሡ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ ይህን የሚመስል ነገር አላገኙም። ስሕተቱ ትንንሾቹን መጋበዙ አልነበረም። ስሕተቱ አዘጋጆቹ ደርሶ መልሱን ትተው በአንድ ቦታ ለጥቂት ቀን በሚያልቅ ስብሰባ መለወጣቸው ነው፤ ያን ጊዜ የባቡሩ ጉዞ፣ የመልሱ ፍርሃት፣ የሁለት ከተሞች መጠባበቅ፣ ውድድሩን ውድድር ያደረገው ሁሉ አብሮ ቀረ።

የመጨረሻው ስብሰባ በ1992 ዓ.ም. ሜይ ወር በደቡብ ኢጣሊያ በፎጃ ተደረገ። ለፍጻሜ የደረሱት ቤ.ቪ.ኤስ.ሴ. የተባለ የቡዳፔስት የባቡር ሠራተኞች ክለብና ከቦስኒያ የመጣው የባኛ ሉካው ቦራትስ ነበሩ። 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ከዚያም በፍጹም ቅጣት ምት ቦራትስ 5 ለ 3 አሸነፈ። ከወር በፊት፣ በአፕሪል፣ በቦስኒያ ጦርነት ተነሥቶ ነበር፤ ቦራትስ በስሟ ይጫወትባት የነበረችው ዩጎዝላቪያም እየፈረሰች ነበር። ከፎጃ ሜዳ በስተ ምሥራቅ ጥቂት እንደ ሄዱ የአድሪያቲክ ባሕር ይገኛል። በዚያው ባሕር ራስጌ ሁሉ የተፈረመባት ቬኒስ አለች፤ በማዶው ዳር ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ክለቦች አንዱ የሆነው የሃይዱክ ከተማ ስፕሊት፣ ከእርሷም በታች ያን ጊዜ በከበባ ላይ የነበረችው ዱብሮቭኒክ። የባኛ ሉካ ልጆች ዋንጫውን ሲቀበሉ ሀገራቸው የጦር ግንባር ሆና ነበር፤ በሚቀጥለው በጋ ለሚትሮፓ የተጠራ ክለብ አልነበረም።